ግራውን ፍቺው፣ ቀኙን እሰሪው

ከባለቤቴ ከጉተማ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በሌላ ሰው ቤት በርበሬ ይሰጣል፣ ብቅል ይሰጣል። በእኛ ቤት የሚሰጣው ድንጋይ ነበር። የናዝሬት ፀሐይ ሰው ታከስላለች እንጂ ለደከመ ባትሪ ፍቱን ናት። ረፋድ ላይ ያሰጣችሁትን ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ብታነሱት ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ታገኙታላችሁ።

እሱ ከውጭ ቆሞ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ እንደረድራለን።

«በግራ ያሉት የሞቱት ናቸው። በቀኝ ያሉት ገና ነፍስ አላቸው» አለኝ።

«የማን ግራ?» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ገባ። ጋደም እንዳለ ቀረ። በዚያ ሐሙስ ድንጋዮቹን ከመስኮቱ ማን እንዳነሳቸው እስካሁን አላውቅም።

«የማን ግራ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤት ቀልድም፣ ጸብም፣ እርቅም ነበር። ሌሎች ባልና ሚስት የሠርጋቸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ እኛ የሰቀልነው ይህችን ጥያቄ ነው። ከየት እንደመጣች ሳልጽፋት ብቀር ከእኔ ጋር ትቀበራለች። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልጻፋት። ቀስ የምለው እጄ ስለዘገየ ብቻ አይደለም። እየሳቁ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ እያለቀሱም እንዲሁ። ሁለቱም መነጽር ያደበዝዛሉ።

ጉተማ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው። ናዝሬት ውስጥ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ነበር። ደስ ሲለው ኦሮምኛው አማርኛውን ይቀድመዋል። «ጋሪዳ!» ይላል፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን አዲስ ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ሰሞን የሠራሁትን ወጥ ቀምሶ «ጋሪዳ!» ሲል፣ ወደ እናቴ ቤት ሊመልሰኝ ጋሪ የጠራ መስሎኝ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከናዝሬት ጋሪ ብዛት አንጻር ስህተቴ ይቅር የሚባል ነው።

ይህ ሰው ከመጽሐፍ ጋር ጸብ ነበረው። ማንበብ ጠልቶ አይደለም፤ እንዲያውም ሲያነብ ምሳ ይረሳል። ግን «መጽሐፍ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ነው» ይለኝ ነበር። «ትጠይቂዋለሽ፣ ዝም። ትመልሺለታለሽ፣ ዝም። ተሳስተሽ ይሁን ልክ ሆነሽ ፊቱ አይለወጥም።» ያም ሆኖ መጽሐፉ ለአንድ ዴስክ አንድ ብቻ ነበር። መሀል የተቀመጠው ያነባል፣ ዳርና ዳር ያሉት ጠርዙን ያያሉ። ሥዕል ያለበት ገጽማ ተገንጥሎ የአንዱ ደብተር መሸፈኛ ከሆነ ቆይቷል። መምህሩ ሲጠይቅ ፊት ያሉት «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ ጣታቸውን ዓይኑ ውስጥ ይሰኩታል። «ትምህርቱ ሦስተኛው ዴስክ ድረስ ሄዶ ይደክመዋል» ይል ነበር ጉተማ። «ከዚያ ወዲያ ያሉት የሚሰሙት ነፋሱን ነው።»

ከነፋሱ ሰሚዎች አንዷ ታደለች ነበረች። አባቷ ከከምባታ ለአገዳ ቆረጣ ወንጂ የመጣ፣ በኋላም ናዝሬት እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ የሆነ ሰው ነው። ልጅቷ በትምህርቱ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ መለሰች። መልሱ ልክ ነበር። አነጋገሯ ግን የናዝሬት አልነበረምና ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋችው። ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ሁሉ ልክ ነው፤ ሌሎቹ መምህራን ግን «ገልብጣ ነው» አሉ። የማትናገር ልጅ ልክ ከጻፈች ከጎረቤቷ ገልብጣ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ ታደለች ፈረደ። ልጅቷ ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ ከእናቶች ጋር መሠረተ ትምህርት ትግባ ተባለ። ጉተማ ተነስቶ ተከራከረ። ክርክር ሲረዝም ርዕሰ መምህሩ እንዲህ አለ፦ «የትምህርት መርጃ ኤግዚቢሽን አለን። ከአውራጃ ኢንስፔክተር ይመጣል። በእሱ ፊት አንድ ጥያቄ ትመልስ። ከመለሰች ትቀመጣለች። ካልመለሰች ከእናቶች ጋር ፊደል ትቆጥራለች።»

«ትመልሳለች» አለ ጉተማ።

እቤት መጥቶ ይህንን ሲነግረኝ እንጀራው ቀርቦለት አልነካውም።

«አፏን ካልከፈተች በምኗ ነው የምትመልሰው?» አልኩት።

«በጣቷ» አለ፤ ዓይኑም በሐሳብ ወደ ቁም ሳጥናችን ሄደ። ባል ቁም ሳጥን ላይ አፍጥጦ ሲያስብ ሚስት መደንገጥ አለባት። እኔ አልደነገጥኩም። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፔርሳቶ በሚሉት የመማሪያ ሰሌዳ ላይ ከላይ ጥያቄዎች በረድፍ ይጻፋሉ፣ ከታች መልሶች በረድፍ ይጻፋሉ። በእያንዳንዱ ጥያቄና በእያንዳንዱ መልስ ሥር አንድ ምስማር አለ። ከኋላ በኩል እያንዳንዱ ጥያቄ ከመልሱ ጋር በሽቦ ይታሰራል። ከፊት ሁለት ለቀቅ ያሉ ሽቦዎች ከባትሪ ድንጋይና ከአንዲት ትንሽ አምፖል ጋር ተንጠልጥለዋል። ልጁ አንዱን ሽቦ ጥያቄው ላይ፣ ሌላውን መልሱ ላይ ያስነካል። ልክ ከሆነ አምፖሉ ይበራል። ከተሳሳተ ዝም ይላል፣ ልጁም ሌላ ይሞክራል።

«አምፖል አነጋገር አይሰማም» አለኝ ጉተማ። «ወንጂ ተወልደሽ ይሁን ናዝሬት አይጠይቅሽም። ልክ ከሆንሽ ይበራል። ከተሳሳትሽም አይስቅብሽም።»

ኮምፔርሳቶው የቁም ሳጥናችን ጀርባ ነበር። «ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላየውም፤ ልብሶቻችን ግን ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፈው ይኖራሉ። አምፖሉ የእጅ ባትሪያችን ነበር፤ ስለዚህ ሲመሽ ወደ ሽንት ቤት የምንሄደው በእምነት ሆነ። ድንጋዮቹ የሬዲዮኔ ነበሩ። የምከታተለው ትረካ መሀል ላይ ነበር፤ ደካማ ድንጋይ ሲቀይርልኝ ተራኪው ጉንፋን ያዘው፣ ቀጥሎ አንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ዝም አለ። ያቺ ልጅ ተዳረች ወይስ ጠፋች፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ምስማሩ ግን የዛገ ስለነበር ኮረንቲ አላሳልፍ አለ። ጉተማ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ቢጠቀለልበት እንደሚሠራ አወቀ። እኛ ደግሞ ጸሎተኞች ነን፤ በቤታችን ሲጋራ አይታወቅም። ጸሎት ቤታችን በዚያ ዘመን ተዘግቶ በየሰው ቤት እንሰበሰብ ነበርና ወሬም እንደ እኛው ከቤት ቤት ትዞር ነበር። አንድ ቀን ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«እህቴ፣ ወንድም ጉተማ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ይግቡ።»

«ቡና ቤት ታየ አሉ።»

«ለሥራ ነው፣ ጋሼ።»

«ወለሉ ላይ ነበር አሉ።»

«ጎንበስ ብሎ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ! ሰው ቡና ቤት ገብቶ ሲጎነብስ ምን ይባላል?»

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ጉተማ የኮቱ ኪስ አብጦ፣ ልብሱ የጭስ መጋዘን የመሰለ ሽታ እየሸተተ፣ ፊቱ እንደ ፋሲካ እየበራ ገባ። «ዛሬ ተመስገን ነው!» አለ፣ እንግዳውን ሳያይ። «ዛሬማ በደንብ አጨሱልኝ!»

ሽማግሌው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። በጸሎቱ መሀል ጉተማ ስለ ምስማሩ ዝገት ያስረዳ ነበር። በማግስቱ ሰውየው በመሀረባቸው የተቋጠረ ብርማ ወረቀት ይዘው መጡና «መንገድ ላይ አግኝቼ ነው» አሉ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን በሁለት ወንበሮች መሀል አቁመን ማሰር ጀመርን። እሱ ከፊት፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች ያዘጋጀውን ንድፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠራል። እኔ ከኋላ፣ ሽቦና ጉጠት ይዤ አስራለሁ።

«ከላይ በግራ መጀመሪያ ያለውን፣ ከታች በቀኝ መጨረሻ ካለው ጋር እሰሪው!»

«የማን ግራ?»

«የኔ ነዋ!»

«እኔ እዚህ ሆኜ ያንተን ግራ በምን ልወቀው?»

«የኔ ግራ ያንቺ ቀኝ ነው።»

«ታዲያ ቀኝ በለኛ!»

«ቀኝ ካልኩሽ የኔን ቀኝ ታስሪያለሽ!»

እንዲህ እየተባባልን የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች አሰርን። ከዚያ እኔ አንዱን ሳትኩና የጉተማ ድምፅ ከፍ አለ።

«ቆይ! ቆይ! ተሳስተሻል! ግራውን ፍቺው! ቀኙን እሰሪው!»

«ሁለቱንም ባስራቸውስ?»

«ሁለቱንም አይሆንም! ቀኙን ብቻ! ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እንዳያመልጥ!»

እዚህ ላይ አንባቢዬ የዘመኑን ነገር ያስታውስልኝ። በዚያ ሰሞን ግራና ቀኝ የአቅጣጫ ስሞች ብቻ አልነበሩም። ሰው ቀኝ መንገደኛ ተብሎ ይጠየቃል፣ ግራውም ቢሆን የትኛው ግራ እንደሆነ ይጠየቃል። ማሰርም ለሽቦ ብቻ የሚነገር ቃል አልነበረም። የእኛ አጥር ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለፈው ጓድ ተሰማ ነበር፣ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ። ስሙ ተሰማ ይባል እንጂ ሥራው መስማት ነበር።

በሩ ተደበደበ። ጓድ ተሰማ እጁን ቀበቶው ላይ አድርጎ ገባ።

«እዚህ ቤት የሚታሰረው ማነው?»

ጉተማ ሐሳቡ ሁሉ ሥራው ላይ ስለነበር እውነቱን ተናገረ። «ጨጓራ ነው፣ ጓድ ተሰማ።»

«ጨጓራ? የየት ቀበሌ ሰው ነው?»

«የሁላችንም ነው።»

«መምህር፣ ቀልዱን ተወው። ማሰር የቀበሌ ሥራ ነው። እያንዳንዱ አባወራ በየቤቱ ካሰረ እኛ ምን ልንሠራ ነው? ደግሞ ግራውን ፍቺው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማን ፈቃድ ነው የሚፈታው?»

እኔ ከሰሌዳው ኋላ ጉጠቴን እንደያዝኩ ብቅ አልኩ። ጉጠት ይዞ ብቅ ማለት ነገሩን አላቀለለውም። ጉተማ ግን ሽቦዎቹን አንስቶ ያሰርነውን አንዱን ጥያቄ ከመልሱ ጋር አስነካው። አምፖሉ በራ።

ጓድ ተሰማ እጁ ከቀበቶው ላይ ወረደ። «ድገመው እስቲ» አለ። ጉተማ ደገመው። «ቆይ፣ እኔ ልሞክረው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሰሌዳውን ወደ ራሱ አዞረው። ተሳሳተ፣ ዝም አለው። ሌላ ሞከረ፣ በራለት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያ ሲገባ ውሻችን እንኳን የማይጮህበት ሰውዬ «በራልኝ! አያችሁ? እኔ ነኝ ያበራሁት!» ብሎ ጭኑን መታ። እኔ ውስጥ ውስጡን ስለ ድንጋዮቹ እያሰብኩ ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «ሥራችሁን ቀጥሉ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ግራ ቀኝ የምትሉትን ግን ቀስ አድርጋችሁ በሉት።»

«ቀስ አድርጎ ማለትም ይቅር» አለ ጉተማ፣ ሰውየው እንደራቀ። «ከእንግዲህ ግራ ቀኝ የለም። በሩ በግራዬ ነው፣ መስኮቱ በቀኜ። ንድፉ ላይ ግራ ሳይ በር እልሻለሁ። ቀኝ ሳይ መስኮት እልሻለሁ። በር ላንቺም በር ነው፣ ለኔም በር ነው።»

ደነቀኝ። ከመጀመሪያውስ ለምን አላሰብነውም! ብልህ ባል ነው ያገባሁት አልኩ። በየቦታችን ተቀመጥን። «በር፣ ሁለተኛው!» ሲል በር በኩል አስራለሁ። «መስኮት፣ መጨረሻ!» ሲል መስኮት በኩል አስራለሁ። ጸብ የለ፣ ጩኸት የለ፤ እንደዚያ ተስማምተን ሠርተን አናውቅም።

የረሳነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጓድ ተሰማ ሰሌዳውን አዙሮት ሄዷል። እኛም ሰሌዳውን ተከትለን ዞረን ተቀምጠናል፤ እሱ በእኔ ቦታ፣ እኔ በእሱ ቦታ። በሩ ግን በር ስለሆነ አልዞረም። አሁን በጉተማ ቀኝ ነው ያለው። እሱ ግን ንድፉን እያየ፣ ግራ ባየ ቁጥር በር ይለኛል። የቀረው ሽቦ ሁሉ ተገልብጦ ታሰረ። ብቻችንን ግራና ቀኝ እያልን ስንጨቃጨቅ ልክ ነበርን፤ ግራ ሳይገባን ስንስማማ ተሳሳትን። ግራ ቢገባን ኖሮ ምን ነበረበት!

ስንጨርስ ድንጋዩ እንዳያልቅ ብለን የሞከርነው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። ሁሉም በሩልን። «ጋሪዳ!» አለ ጉተማ፤ እኔም በዚያን ጊዜ ትርጉሙን አውቀው ነበር።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ግን እውነተኛ ጋሪ አስፈለገን። የናዝሬትን ነፋስ የማያውቅ ሰው ኮምፔርሳቶ ይዞ ጋሪ ላይ አይውጣ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ሰሌዳውን እንደ ሸራ ነፋው፤ ፈረሱ ሳይጎትት መሮጥ ጀመረ። ጉተማ ሰሌዳውን ያዘ፣ እኔ ጉተማን ያዝኩ፣ ነጠላዬን የያዘው አልነበረምና ሄደ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት፣ በር ነው?» ሲል ጮኸ ባለጋሪው፣ ልጓሙን እየሳበ።

«ትምህርት ነው!» አለ ጉተማ።

«ታዲያ ትምህርት እንዲህ ከከበደ ሕፃናቱ ምን ይዋጣቸው!»

ደረስን፤ ያለ ነጠላ፣ ግን ደረስን። የኤግዚቢሽኑ ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። የካርቶን ዓለም ካርታ አለ፣ የጭቃ እሳተ ገሞራ አለ። ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጓድ ተሰማ ሰሌዳውን እሱ የሠራው ያህል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። በሩ አጠገብ የታደለች አባት፣ ከመጋዘን እንደወጣ፣ ትከሻው ላይ የጆንያ አቧራ እንዳለ ቆሟል። ታደለች አቀርቅራለች።

ጉተማ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አሳየ። አምፖሉ በራ፣ በራ፣ በራ። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አወለቀና አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ «አሁን ከተማሪ እንይ» ብሎ ታደለችን ጠራት። ጉዳዩን ለኢንስፔክተሩ በጆሮው ነገረው፤ በጆሮው ቢነግረውም ሁላችንም ሰማን። ካልመለሰች ትወጣለች።

ጥያቄው፣ ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው የቱ ነው የሚል ነበር። ታደለች ሽቦዎቹን አነሳች። አላመነታችም። አንዱን ጥያቄው ላይ፣ ሌላውን «ልብ» ላይ አስነካች።

አምፖሉ ዝም አለ።

የእኔ ልብ ግን አላለም። ልጆቹ ከኋላ ተሳሳቁ። ደግማ አስነካች። ዝም።

«ሌላ ሞክሪ፣ ልጄ» አለ ኢንስፔክተሩ በትሕትና።

አልሞከረችም። ሽቦውን «ልብ» ላይ እንደያዘች ቆመች።

ጓድ ተሰማ ሊረዳት ብሎ ገባ። «አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበርኩ» አለና ሽቦውን ተቀብሎ በተራ ሞከረ። ሳንባ፣ ዝም። ጉበት፣ ዝም። ጨጓራ ላይ ሲደርስ አምፖሉ ቦግ አለ።

«ይኸው!» አለ ጓድ ተሰማ። «ጨጓራ ነው! እውነት ነው እኮ፤ ጨጓራ ካልሞላ ደም ከየት ይመጣል?»

ጉተማን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። በአንድ ጊዜ ነው የገባን፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የዞረው ሰሌዳ። ከፊቱ ላይ ደሙ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ፤ የገፋው ልብ ይሁን ጨጓራ እንጃ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ «እንግዲህ እንዳልኩት ነው፣ ደብተሯም ላይ እየገለበጠች…» ማለት ጀመረ።

«እኔ አልገለበጥኩም።»

ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሁሉም ዞረ። ታደለች ነበረች። አነጋገሯ ያው የወንጂ ነው፤ ማንም ግን አልሳቀም።

«ልብ ነው» አለች። «መጽሐፉ ላይ ልብ ነው። እኔ አልገለበጥኩም። የተገለበጠ ሰሌዳው ነው።»

«አምፖሉ ግን ጨጓራ ይላል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አምፖሉ ተሳስቷል» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ሰሌዳውን ሊያድን ፈለገ። ከሁሉም በላይ የሚያምነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እሱ ራሱ ይጨመር ብሎ ጉተማን ያስገደደው። «የወዛደሩ የቅርብ አጋር ማነው?» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ፤ ሽቦውንም በኩራት «ገበሬው» ላይ አደረገ። ዝም። ላቡን ጠረገ። ሽቦው በእጁ ተንሸራትቶ ቀጣዩ ምስማር ላይ አረፈ። አምፖሉ ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ ደምቆ በራ።

ኩላሊት።

ነፋሱ እንኳን ቆርቆሮውን መምታት ተወ። የወዛደሩ አጋር ኩላሊት ነው። በዚያ ዘመን ይህንን በመብራት ማሳወቅ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም በየልባችን እያሰላን ነበር። ጓድ ተሰማ ቀበቶውን ያዘ፤ ማንን እንደሚያስር ግን ያወቀ አልመሰለኝም።

ከበሩ አጠገብ የታደለች አባት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄኛው እንኳን ልክ ነው» አለ በዝግታ። «እኔ ወዛደር ነኝ። ሌላው ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ኩላሊት ብቻ ነው አብሮኝ የሚያድረው። ጆንያ ባነሳሁ ቁጥር አለሁ ይለኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ኢንስፔክተሩ ነው። መነጽሩ እስኪወድቅ ሳቀ። እሱ ከሳቀ በኋላ መሳቅ ተፈቀደ፤ ክፍሉ ሁሉ ፈረሰ። ጓድ ተሰማም ቀበቶውን ለቅቆ «ምስክር ነኝ፣ ጓድ ኢንስፔክተር! ሲታሰር እኔ ራሴ ነበርኩ!» አለ።

በዚህ ሁሉ መሀል ታደለች ከሰሌዳው ኋላ ገብታ ነበር። ሽቦዎቹን በጣቷ እየተከተለች ቆየችና ብቅ አለች። «እዚህ ጋ ያሉት ልክ ናቸው» አለች። «ከዚህ ወዲያ ግን ግራውን በቀኝ ነው ያሰሩት።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጉተማ ዞረ። «መምህር፣ ሰሌዳህ እኮ አልሠራም።»

ባሌ አንገቱን ይደፋል ብዬ ነበር። ቀና አለ። በሠርጋችን ቀን እንኳን እንደዚያ ቀና ብሎ አላየሁትም።

«ሠርቷል፣ ጓድ ኢንስፔክተር» አለ። «ተሳስተሻል እያላት፣ እሷ ራሷን አምና ቆመች። እኔ ከዚህ የተሻለ የትምህርት መርጃ መሥራት አልችልም።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን ከወለሉ አነሳ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩን «ይህችን ልጅ ነው ከእናቶች ጋር ልትልካት የነበረው?» አለው። ርዕሰ መምህሩ የጭቃውን እሳተ ገሞራ ማየት ጀመረ። ታደለች ክፍሏ ቀረች። ዴስኳም ፊት ሆነ፤ በማግስቱ «እኔ ቲቸር» ስትል ሰማኋት ብሎ ጉተማ ከነልብሱ አልጋ ላይ ዘለለ። አልጋችንም የቁም ሳጥኑን ዕጣ ሊቀምስ ምንም አልቀረውም።

ሽቦዎቹን እዚያው፣ እንግዶቹ እያዩን፣ ፈትተን አሰርናቸው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። «ግራ!» ይላል። «የማን ግራ?» እላለሁ። ሁሉም ይስቃል። ጓድ ተሰማ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ አላዘዘንም። ስንጨርስ ታደለች መጥታ «ልብ» ላይ አስነካች፤ በራ። አባቷ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ጉተማ ሰሌዳ መሥራት አላቆመም። የአበባው ክፍሎች፣ የውሃ ዑደት፣ የማባዛት ሰንጠረዥ፣ ሁሉም መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ነገር በእኛ ቤት ሽቦ ተገጠመለት። አንዳንዶቹ ወንጂ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ መተሐራ፣ አንዱ የትውልድ አገሩ አርሲ ነገሌ ደረሰ። ጥፋቱ የማን ነበር የሚለው ግን አልተፈታም። እሱ «አንቺ ሰሌዳው መዞሩን ማየት ነበረብሽ» ይላል፤ እኔ «ከመጽሐፍ ይልቅ በሩን ብታይ ኖሮ» እላለሁ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ፣ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ አከራከረን።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ጓድ ተሰማ መጥቶ ተቀመጠ። ጸጉሩ ሸብቷል። «ይህ ሰው ጨጓራን እቤቱ ሲያስር በዓይኔ ይዤዋለሁ» አለ። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ሴቶቹ መሀል፣ ሳቄ አመለጠኝ። ሴቶቹ «ልቧን ነካት» ተባባሉ። ከአጠገቤ ሌላ አንድ ሳቅ ሰማሁ። ታደለች ነበረች። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቃ ወንጂ ልታስተምር ልትሄድ ነበር። እጄን ይዛ «እትዬ፣ ለክፍሌ ሰሌዳ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ለሁሉም ልጆች የሚበቃ።»

ቁም ሳጥኑ በር ገና ነበረው። አሁን የለውም።

ጥያቄዎቹን ከመጽሐፉ እያወጣሁ ከፊት እጽፋለሁ። ዞሬ ከኋላ አስራለሁ። ተመልሼ ከፊት አየዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ድንጋዮቹን መስኮቱ ላይ አሰጣለሁ፤ የሞቱትን በእኔ ግራ፣ ገና ያላቸውን በእኔ ቀኝ።